አሮጌው ኪንድል አልታደስ ሲል



የዛሬው ትምህርታችን በብዙ ቤት ስለሚገኘው፣ ከስክሪኑ በታች የፊደል ቁልፎች ስለተደረደሩበት ማንበቢያ ነው። ይህ መሣሪያ አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ሦስተኛው ትውልድ ኪንድል ሲሆን፣ በኋላ «ኪንድል ኪቦርድ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። ፋብሪካው እሱን መሥራት ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ከሰው ሰው፣ ከአገር አገር ዞሮ እኛ ዘንድ የደረሰው ግን ዛሬም ያነባል። አንዱ ቢበላሽ ሱቅ ሄዶ አዲሱን መተካት አይቻልም፤ በውስጡ የተጫኑት የትምህርት መጻሕፍትም አብረውት ይሄዳሉ።

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ «አፕዴት ይደረግልን» ትላላችሁ። አንዳንድ ወላጆችም ገበያ ያለ ጠጋኝ «ሶፍትዌር ልጫንበት» ብሎ ገንዘብ እንደጠየቃቸው ይናገራሉ። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ፣ ወይም ልጆች ራሳችሁ ከመሞከራችሁ በፊት፣ የሚታደሰው ነገር ምን እንደሆነና ለምን አልታደስ እንደሚል እንመልከት።

ፈርምዌር ምንድን ነው?

ኪንድሉን ስትከፍቱ የሚያስነሣው፣ ቁልፍ ስትጫኑ ገጽ የሚገልጠው፣ ባትሪው ሲያልቅ የሚያስጠነቅቀው በውስጡ ባለው የማስታወሻ ቺፕ ላይ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል። መጻሕፍቱ ሌላ፣ ፈርምዌሩ ሌላ ነው። መጽሐፍ ብታጠፉ መሣሪያው ምንም አይሆንም፤ ፈርምዌሩ ከተበላሸ ግን መጽሐፉ እያለ የሚከፍተው ይጠፋል።

ማደስ ማለት ከአሮጌው ፕሮግራም ላይ እያጠፉ አዲሱን መጻፍ ነው። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳውን ጠርጎ አዲሱን ትምህርት እኩሌታ እንዳደረሰ ጠመኔው ቢያልቅበት፣ ተማሪው የትናንቱንም የዛሬውንም ሳይገለብጥ ይቀራል። ኪንድልም በእድሳቱ መካከል ባትሪው ቢሞት እንደዚሁ ነው። ስለዚህ እድሳት እንደ መጽሐፍ መጫን በየጊዜው የሚደረግ ተራ ሥራ አይደለም።

መጀመሪያ ነገር፣ ያስፈልገዋል ወይ?

«ሆም» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ፤ ቀጥሎ «ሜኑ»፣ ከዚያ «ሴቲንግስ» የሚለውን ምረጡ። በገጹ ግርጌ «ቨርዥን» ከሚል ቃል ጋር በነጥብ የተለያዩ ቁጥሮች ታያላችሁ። ለዚህ ለባለ ፊደል ቁልፉ ኪንድል የወጣው የመጨረሻው ቁጥር 3.4.3 ነው። የእናንተም 3.4.3 ካለ እዚህ ላይ አቁሙ። ከዚያ በላይ የለም። ከዚያ የበለጠ እጭናለሁ የሚል ሰው ቢመጣ ኪሳችሁን ጠብቁ።

እዚህ ላይ የሒሳብ ተማሪዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ቁጥር አስርዮሽ አይደለም፤ ሁለት ነጥብ ያለው አስርዮሽ የት ታውቃላችሁ? እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ይነበባል። በአስርዮሽ 3.10 ከ3.9 ያንሳል፤ በሶፍትዌር ቁጥር ግን 3.10 ከ3.9 በኋላ የሚመጣ ነው፣ ምክንያቱም ከነጥቡ በኋላ 10 ከ9 ይበልጣል። ስለዚህ 3.0.2 ያለው መሣሪያ ከ3.4.3 የቆየ መሆኑን የምታውቁት የመካከለኛዎቹን ቁጥሮች፣ 0ንና 4ን፣ በማወዳደር ነው።

የእናንተ ቁጥር ከ3.4.3 የሚያንስ ቢሆንም አትደንግጡ። አማዞን እ.ኤ.አ. እስከ 2012 ድረስ የወጡት ኪንድሎች እስከ ማርች 22 ቀን 2016 ድረስ ካልታደሱ በኢንተርኔት ከመደብሩ ጋር መገናኘት እንደማይችሉ አስታውቆ ነበር። ቀኑ ያለፈባቸውም በኮምፒዩተርና በገመድ በእጅ መታደስ ነበረባቸው። እዚያ ላይ የተቋረጠው ግንኙነቱ እንጂ ንባቡ አይደለም። መጽሐፍ በገመድ ከኮምፒዩተር የሚጭን ሰው በአሮጌው ቁጥርም ሳይቸገር ያነባል። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ደህና የሚሠራውን አትንኩት። በየቀኑ እየደረቀ ካስቸገረ፣ ወይም መጽሐፍ ሲከፈት ደጋግሞ ራሱን አጥፍቶ የሚነሣ ከሆነ ግን ማደስ ተገቢ ሊሆን ይችላል።

ማደስ የማያድናቸው በሽታዎችም አሉ። በስክሪኑ ላይ የማይጠፋ ጥቁር መስመር ወይም የተፈነጠቀ ቀለም የመሰለ ነጠብጣብ ካለ የተሰበረው በስክሪኑ ውስጥ ያለው ስስ መስታወት ነው። በላዩ ተቀምጠውበት ወይም በቦርሳ ውስጥ ተጨፍልቆ ይሆናል። ፈርምዌር መስታወት አይጠግንም። እንዲሁም በአንድ ቀን የሚያልቅ ባትሪ ያረጀ ባትሪ ሊሆን ይችላል፤ ካበጠ ደግሞ ቻርጅ ማድረግ ክልክል ነው፤ ለአስተማሪ አምጡት።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሴቲንግስ ገጽ ላይ «ሲሪያል ነምበር» የሚባል ረጅም ቁጥር አለ። የመጀመሪያዎቹን አራት ምልክቶች በደብተራችሁ ጻፉ። ይህ የቸርቻሪ ቁጥር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የመሣሪያውን ዓይነት ይናገራል። ቢ008 ከሆነ በዋይፋይ ብቻ የሚሠራው ነው። ቢ006 እና ቢ00ኤ የሚሉት ደግሞ ከዋይፋይ በተጨማሪ የሞባይል መስመር ያላቸው ሲሆኑ፣ ፊተኛው ለአሜሪካ፣ ኋለኛው ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ ናቸው። ከውጭ ሲታዩ ሦስቱም መንትዮች ናቸው። የእድሳት ፋይላቸው ግን ይለያያል። «የጓደኛዬ ላይ ሠርቷል፣ እኔ ላይ እምቢ አለ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። ልብሱ አንድ ቢሆን ቁመቱ ይለያያል፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም።

ቀጥሎ መጻሕፍቱን አትርፉ። ኪንድሉን በገመድ ከኮምፒዩተር ጋር ስታገናኙት እንደ ፍላሽ ዲስክ ይከፈታል። «ዶኩመንትስ» የሚባለውን ፎልደር እንዳለ ወደ ኮምፒዩተሩ ኮፒ አድርጉ። ይህን ሳያደርግ የሚጀምር ሰው ዘሩን ሳያስቀር እህሉን ሁሉ እንደሚፈጭ ገበሬ ነው።

ሦስተኛው ባትሪ ነው። ቻርጅ ሲደረግ ከታች ያለው መብራት ብርቱካናማ ይሆናል፤ ሲሞላ አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴውን ሳታዩ አትጀምሩ። ግማሽ ይበቃል የሚል ልጅ አይጠፋም፤ ያረጀ ባትሪ ግን ግማሽ ነኝ ብሎ ድንገት ይሞታል። ከሶላር የምትሞሉ ወላጆች ደግሞ መሣሪያውን ከሶላሩ ጋር ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት። ገመዱን አርዝማችሁ ኪንድሉን ጥላ ውስጥ አድርጉት፤ የሊቲየም ባትሪን እንደ ሙቀት የሚያስረጀው የለም። ማንበቢያው የሚፈልገው 5 ቮልት ስለሆነ ያለ መቆጣጠሪያ ከሶላሩ በቀጥታ ማገናኘትም አደጋ አለው።

ፋይሉን ማስገባት

ፋይሉ የሚወሰደው ከራሱ ከአማዞን ገጽ ነው እንጂ ከማንም ፍላሽ ዲስክ አይደለም። ሳይበር ሄዳችሁ ስታወርዱ ስሙን አትለውጡ። ስሙ «አፕዴት» በሚለው ቃል ይጀምርና ቁጥሩንና የመሣሪያውን ዓይነት ይዞ «ነጥብ ቢን» በሚል ይጨርሳል። ሁለት ጊዜ ካወረዳችሁት ኮምፒዩተሩ በስሙ መጨረሻ ላይ በቅንፍ 1 ቁጥር ይጨምርበታል፤ እንደዚህ ያለውን ትታችሁ የመጀመሪያውን ያዙ።

ከዚያ ኪንድሉን በገመድ አገናኙና ፋይሉን ከማናቸውም ፎልደር ውጪ፣ ዲስኩ እንደተከፈተ በሚታየው ቦታ ላይ አስቀምጡት። «ዶኩመንትስ» ውስጥ ካስገባችሁት መሣሪያው አያየውም። ኮፒው ሲያልቅ በኮምፒዩተሩ «ኢጀክት» ብላችሁ ገመዱን ንቀሉ። ቀጥሎ ሆም፣ ሜኑ፣ ሴቲንግስ ግቡ፤ እዚያው ገጽ ላይ ሳላችሁ ሜኑን እንደገና ተጫኑ። «አፕዴት ዩር ኪንድል» የሚል መስመር ይመጣል፤ እሱን ምረጡና አረጋግጡ። መሣሪያው ራሱን አጥፍቶ ይነሣል፤ ጥቂት ደቂቃዎች ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ቁልፍ አይነካም። በደህና ካለቀ ያስገባችሁት ፋይል በራሱ ይጠፋል፤ ሴቲንግስ ገጽ ግርጌ ላይም አዲሱ ቁጥር ይታያል።

ሁለት የአደጋ ሰዓቶች እንዳሉ አስተውሉ። ፋይሉ ኮፒ እየሆነ ሳለ መብራት ቢጠፋ የሚበላሸው ፋይሉ ብቻ ነው፤ አጥፍታችሁ እንደገና ኮፒ ታደርጋላችሁ። «አፕዴት» ካላችሁ በኋላ ግን ሥራው ሁሉ በኪንድሉ በራሱ ባትሪ ነው፤ የጄኔሬተሩ መጥፋት አይነካውም። ጄኔሬተር እስኪነሣ ብሎ የሚጠብቅ ነገር ግን ባትሪውን ያልሞላ ሰው ጥንቃቄውን ያለ ቦታው አደረገ ማለት ነው።

አልሆን ሲል

ከሁሉ የሚበዛው ችግር ኪንድሉ ኮምፒዩተሩ ላይ አለመታየቱ ነው። ቻርጅ ያደርጋል፣ ዲስኩ ግን አይመጣም። ገመዱን ጠርጥሩ። በዩኤስቢ ገመድ ውስጥ አራት ሽቦዎች አሉ፤ ሁለቱ ኤሌክትሪክ ያመላልሳሉ፣ ሁለቱ መረጃ። ገበያ ላይ በርካሽ ከሚሸጡት ብዙዎቹ የመረጃዎቹ ሽቦዎች የሌሏቸው ናቸው። ቻርጅ ያደርጋሉ፣ ፋይል ግን አያሳልፉም። ፎቶ ከስልክ ወደ ኮምፒዩተር ማሳለፉን ባያችሁት ማይክሮ ዩኤስቢ ገመድ ሞክሩ። ጠጋኙ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ከማለቱ በፊት ይህን የምታረጋግጡት ያለ ምንም ክፍያ ነው።

ዲስኩ መጥቶ፣ ፋይሉ ገብቶ፣ «አፕዴት ዩር ኪንድል» የሚለው መስመር ደብዝዞ አልመረጥ ካለ ኪንድሉ የሚስማማው ፋይል አላገኘም ማለት ነው። ምናልባት ፋይሉ ፎልደር ውስጥ ገብቷል፤ ወይም ስሙ ተለውጧል፤ ወይም መሣሪያው ቀድሞም የመጨረሻው ቁጥር ላይ ነው። አልፎ አልፎም ፋይሉ የሚቀበለው ከተወሰነ ቁጥር በኋላ ያሉትን ብቻ ስለሆነ፣ በጣም የቆየውን መሣሪያ መጀመሪያ ወደ መካከለኛው ቁጥር፣ ከዚያ ወደ መጨረሻው በደረጃ መውሰድ ያስፈልጋል። ደረጃ ዘሎ መውጣት አይቻልም።

መስመሩ ተመርጦ ሥራው ከተጀመረ በኋላ «አልተሳካም» የሚል ጽሑፍ ቢመጣስ? ይህ እንደሚያስፈራው አይደለም። ኪንድሉ ከመጻፉ በፊት ፋይሉ ለእሱ ዓይነት የተሠራ መሆኑንና ሳይጎድል መድረሱን ይመረምራል፤ ካልተስማማው ይመልሰዋል። አሮጌው ፕሮግራም እንዳለ ነው፣ እንደገና ይነሣል። በመጀመሪያ የጻፋችሁትን የሲሪያል ቁጥር በፋይሉ ስም ካለው ጋር አመሳክሩ። ልክ ከሆነ የፋይሉን መጠን እዩ፤ ኢንተርኔቱ ደካማ ስለሆነ ማውረዱ በመካከል ተቋርጦ ጎደሎ ፋይል መቀመጡ የተለመደ ነው። ኮምፒዩተሩ ላይ በፋይሉ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ» ብትሉ መጠኑን በባይት ይነግራችኋል። በሌላ ቀን ከወረደው ጋር አስተያዩት፤ አንድ ባይት እንኳ ከተለያየ አንዱ ጎድሏል።

ድርቅ ብሎ ሲቀር

ወላጆች ይህን ክፍል ለብቻው አንብቡልኝ። የኪንድል ስክሪን እንደ ስልክ ስክሪን አይደለም። ሥዕሉን ለመለወጥ እንጂ ይዞ ለመቆየት ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ስለዚህ ባትሪው ከሳምንት በፊት ያለቀ ኪንድል የመጨረሻውን ገጽ እንዳሳየ ይቀመጣል። ሥዕል አለ ማለት በሕይወት አለ ማለት አይደለም፤ አልነቃነቅ አለ ማለትም ሞቷል ማለት አይደለም። አንዳንዴም «የማናውቀው ሰው ፎቶ ወጥቶ ቀረ» ተብሎ ይመጣል። ያ የታወቁ ደራስያን ሥዕል ነው፤ መሣሪያው ተኝቷል ማለት ነው፤ ከታች ያለውን መንሸራተቻ ገፋ አድርጎ መልቀቅ ይቀሰቅሰዋል። ልጁን ከመቆጣታችሁ በፊት ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ አሳድሩት።

ከእድሳት በኋላ አንድ ልጅ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲያነብ የሚያሳየው ሥዕል ላይ ከቀረ ቸኩላችሁ አትነካኩት። ለእድሳቱ ጊዜ ስጡት፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። አሁንም ካልተለወጠ ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ ለጥቂት ሰዓታት ተዉት። ከዚያም መንሸራተቻውን ገፍታችሁ ሳትለቁ በቀስታ እስከ ሠላሳ ቁጠሩ፤ ከዚያ ልቀቁና አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ብዙ ጊዜ በዚህ ይነሣል። ይህ መጻሕፍቱን አያጠፋም።

መጽሐፍ የሚያጠፋው ሌላ ነው። በሴቲንግስ ገጽ ሜኑ ውስጥ «ሪሴት ቱ ፋክተሪ ዲፎልትስ» የሚል መስመር አለ። እሱ መጽሐፉንም የተመዘገበበትንም ስም ጠርጎ መሣሪያውን ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል። ከርቀት በኢንተርኔት ተመልሶ እንደሚመዘገብ ዋስትና የለም፤ የጠፋውም መጽሐፍ ኮፒ ከሌለው አይመለስም። ጠጋኞች ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጫኑት ይህንኑ ነው፤ ለእነሱ ስልክ ፍላሽ እንደማድረግ ቀላል ሥራ ነው። ያለ አስተማሪ ፈቃድ ማንም እንዳይነካው።

የአማርኛው ጉዳይ

አፕዴት የምትጠይቁት አብዛኞቻችሁ አማርኛ እንዲያነብ ብላችሁ መሆኑን አውቃለሁ። የአማርኛ ጽሑፍ ከፍታችሁ በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ሳጥን ብቻ ካሳያችሁ፣ መሣሪያው የፊደላችን ቅርጽ በውስጡ የለውም ማለት ነው። ለዚህ እድሳት አትጠብቁ። መፍትሔው መጽሐፉን በፒዲኤፍ ማዘጋጀት ነው፤ ፒዲኤፍ የፊደሉን ቅርጽ ራሱ ተሸክሞ ሊሄድ ይችላልና። በኮምፒዩተር ስትጽፉ የወረቀቱን መጠን 9 በ12 ሴንቲ ሜትር አድርጉት፤ ይህ ከኪንድሉ ስክሪን ጋር የሚቀራረብ ነው። ጠርዙን አጥብባችሁ፣ ፊደሉን 12 ወይም 14 አድርጋችሁ ፒዲኤፍ ብላችሁ አስቀምጡና «ዶኩመንትስ» ውስጥ ክተቱት። በትልቅ ወረቀት መጠን የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ግን ፊደሉ እንደ ጉንዳን ስለሚሆን ለዓይን ይከብዳል። ተረቱን፣ የሰዋስው ማስታወሻውን፣ አባት ለልጁ የጻፈውንም ቢሆን እንዲህ ማስገባት ይቻላል።

መልመጃ

በደብተራችሁ ሠርታችሁ ለክፍል መምህራችሁ አሳዩ።

የዚህ ኪንድል ባትሪ 1,750 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው። የኮምፒዩተሩ ዩኤስቢ 500 ሚሊ አምፔር ቢሰጥ ባዶው ባትሪ በስንት ሰዓት ይሞላል? በተግባር ከዚህ ለምን ይረዝማል?

የስክሪኑ ሰያፍ 6 ኢንች ሲሆን ወርዱና ቁመቱ 3 ለ4 ናቸው። በፓይታጎረስ ሕግ ወርዱንና ቁመቱን አግኙ። 1 ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ወደ ሴንቲ ሜትር ለውጡና ከላይ ከተሰጠው የወረቀት መጠን ጋር አስተያዩ።

አንዲት ተማሪ የኪንድሏ ሲሪያል በቢ008 ይጀምራል፤ ቁጥሩ 3.0.2 ነው። ያወረደችው ፋይል ስም ውስጥ ቢ006 የሚል አለ። ፋይሉን በትክክለኛው ቦታ አስቀምጣለች፣ ባትሪዋም ሙሉ ነው፣ ግን አልታደስ አለ። ምክንያቱን ጻፉ፤ መሣሪያው አደጋ ላይ መሆን አለመሆኑንም አስረዱ።